የሲቀላ ልጅ ማልያ ሲቀይር

ክረምት በገባ ቁጥር ሲቀላ ውስጥ ሁለት ወሬ አይጠፋም። አንዱ «ሙዝ አዲስ አበባ ስንት ገባ?» የሚል ነው። ሌላው «ዘንድሮ ደግሞ ማን ሄደብን?» የሚል ነው። ሙዙ በአይሱዙ ተጭኖ ሲወጣ ማንም «ከዳን» አይልም። በዚያው አስፋልት ሻንጣውን ይዞ የሚወጣው ኳስ ተጫዋች ግን «ለብር ብሎ ሸጠን» ይባላል። ለመሆኑ ማን ማንን ሸጠ?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአገራችን የታማኝነት ምሳሌ ተደርጎ የሚነሳው መንግሥቱ ወርቁ ነው፤ ስሙ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተነጥሎ አይጠራም። ይገባዋልም። ግን ያ ዘመን ተጫዋች ኳስን ብቻ ይዞ የማይኖርበት ዘመን ነበር። ገበያ በሌለበት ደግሞ ታማኝነት እምብዛም አይፈተንም። ያኔም ቢሆን ልጆች አገር አቋርጠው ይሄዱ ነበር። በ1954 ዓ.ም የአፍሪካን ዋንጫ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአስመራ ልጅ ነው፤ የክለብ ስሙ ግን ከድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ጋር ይነሳል። ሉቺያኖን «ከሃዲ» ያለው የለም። ፋብሪካ እንጀራ ይሰጣል፣ ልጁ ይጫወታል፣ አለቀ።

አርባ ምንጭም ኳሷን ያሳደገችው በዚሁ መንገድ ነው። አርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ስሙ እንደሚናገረው የፋብሪካ ቡድን ነበር። ደጉ ደበበ የተገኘው ከዚያ ነው። ከዚያ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ፣ ለረጅም ዓመታት ተከላካይ ሆኖ ቆየ፣ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ፣ በ2005 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካ ላይ የአርባ ምንጭ ልጅ በቴሌቪዥን ታየ። ሲቀላ ያን ቀን «ከዳን» አላለችም፤ «ልጃችን» አለች እንጂ። እንግዲህ ፍርዳችን እንደ ውጤቱ ይገለባበጣል ማለት ነው። የተሳካለት ልጃችን፣ ያልተሳካለት ባንዳ።

የዓለም ኳስም ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት ጨርሶታል። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ ውሉ አልቆ ሳለ ክለቡ «ካሳ ካልተከፈለኝ አለቀውም» አለ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1995 እ.ኤ.አ ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ክፍያ መሄድ እንደሚችል ወሰነ። ሰው እንደ ከብት አይታሰርም ነው ነገሩ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ ግን አንድ ክፍተት ተወ። ልጁን ከሕፃንነቱ ያሳደገው ትንሽ ክለብስ ምን ያገኛል?

ፊፋ ለዚህ መላ ያበጀው በ2001 እ.ኤ.አ ነው። ውል ያለው ተጫዋች ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲዘዋወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ልብ በሉ፣ ይህ የሚሠራው ድንበር ሲሻገር ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄደው ልጅ ደንብ ማውጣት የየአገሩ ፌዴሬሽን ፋንታ ነው። የእኛ አገር ተጫዋች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርመው የአንድ ወይ የሁለት ዓመት ውል ነው። ውሉ ሲያልቅ በነፃ ይሄዳል። አሳዳጊው ባዶ እጁን ይቀራል።

እኛስ ምን አደረግን? በነሐሴ 2011 ዓ.ም ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወሰኑ። የክለቦች ወጪ ከአቅም በላይ ሆኖ ነበርና ምክንያቱ ይገባኛል። ግን እዩት፤ ያሳደገውን ክለብ ከመካስ የልጁን ደመወዝ መቁረጥ ቀለለን።

አርባ ምንጭ ከተማ በ2010 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ፣ በ2013 ተመለሰ፣ በ2015 ወረደ፣ በ2016 እንደገና አደገ። በወረደ ቁጥር «ልጆቹ ጥለውን ሄዱ» ይባላል። የ22 ዓመት ልጅ፣ እግሩ አንድ ቀን ቢሰበር ጡረታ የሌለው፣ ለማን ብሎ ይቅር? ታማኝነትን የምንጠይቀው ከሁሉም ትንሽ ካለው ሰው ነው። ዕዳው ግን የክለብ ከክለብ ነው፤ መክፈል ያለበት ገዢው ነው።

ለነገሩ ጋሞ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለም። ከዶርዜና ከሌሎች ደጋዎች የወጡ ሸማኔዎች ስንት ዓመት ሽሮ ሜዳ ተቀምጠው ሸምነዋል! አባቶቻችን አንዱንም ከሃዲ አላሉም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ «ለመስቀል መጣ ወይ?» መስቀል ሲደርስ ሸማኔው ያጠራቀመውን ይዞ ይመለሳል፤ ለእናቱ ልብስ፣ ለበሬው መግዣ የሚሆን ያመጣል። ታማኝነት አለመሄድ ሳይሆን መመለስ ነበር።

ለኳሱም ይኸው ሚዛን ይበቃናል። ልጁ ይሂድ፣ ሠርቶ ይብላ። ውሉ ረዘም ይበል፣ የወሰደው ክለብም ላሳደገው ሜዳ ድርሻውን ይክፈል። ያኔ ክረምት ሲገባ «ማን ሄደብን?» ማለታችን ቀርቶ «ስንት አመጣልን?» እንላለን፤ ልክ እንደ ሙዙ።