ዊንዶውስ 11ን በነባር ኮምፒዩተሮች መጠቀም፦ የመጫን አቅምና የደህንነት ኃላፊነት

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የኮምፒዩተርን አካላትና በውስጡ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስተባብር መሠረታዊ ሶፍትዌር ነው። አምራች ድርጅቶች አዲስ ሥሪት ባወጡ ቁጥር የሚደግፏቸውን የኮምፒዩተር ዓይነቶች ለይተው ያሳውቃሉ። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ኮምፒዩተር ሁልጊዜ አዲሱን ሥሪት መሸከም አይችልም ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩን መጫን መቻልና ለመንግሥት ሥራ አስተማማኝ መሆን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ከማይክሮሶፍት ኩባንያ ያገኝ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒዩተሮቹ ከዚያ በኋላም መሥራታቸውን ባያቋርጡም፣ በሶፍትዌሩ ላይ ለሚገኙ አዳዲስ የደህንነት ክፍተቶች በመደበኛነት ይሰጥ የነበረው ማሻሻያ ቆሟል።

መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ይፈልጋል። ይህንን መስፈርት በርካታ ነባር ኮምፒዩተሮች ያሟላሉ። ዋነኛው እንቅፋት የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቀው ቲፒኤም 2.0 የተሰኘው የደህንነት ክፍልና የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። ከኢንቴል ምርቶች ተቀባይነት ያገኙት በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው።

በመሆኑም ቀዳሚው ተግባር ማጣራት ነው። በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች ቲፒኤም በውስጣቸው እያለ በባዮስ ማስተካከያ ላይ ተዘግቶ ይገኛል። ፕሮሰሰሩ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ ካለና ሌሎች መስፈርቶች ከተሟሉ፣ ይህንን መክፈት ብቻ ኮምፒዩተሩን ሕጋዊ ድጋፍ የሚያገኝ ያደርገዋል።

መስፈርቱን በማያሟሉ ኮምፒዩተሮች ላይ ፍተሻውን አልፎ መጫንም ይቻላል። ማይክሮሶፍት ራሱ ቢያንስ ቲፒኤም 1.2 ላላቸው ኮምፒዩተሮች የሚሆን የሬጅስትሪ ማስተካከያ በ2014 ዓ.ም. ይፋ አድርጎ ነበር። ሩፈስ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ፍተሻውን የሚዘል የመጫኛ ፍላሽ ያዘጋጃል። ሆኖም ኩባንያው እንዲህ ያሉ ኮምፒዩተሮች የደህንነት ማሻሻያን ጨምሮ ማናቸውንም ማሻሻያ ስለማግኘታቸው ዋስትና እንደማይሰጥ አስታውቋል። ዓመታዊውን ትልቅ ማሻሻያም አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያ በእጁ መጫን ይኖርበታል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው 24ኤች2 የተሰኘው ሥሪት ደግሞ እንደ ኮር ቱ ዱዎ ባሉ ቀደምት ፕሮሰሰሮች ላይ ጭራሹን አይነሳም።

የማሻሻያ መቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. በተሰራጨው ዋናክራይ በተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ታይቷል። ጥቃቱ በእንግሊዝ ከ236 የጤና አገልግሎት ተቋማት ቢያንስ 80ዎቹን አውኳል፤ የሕሙማን ቀጠሮዎችም ተሰርዘዋል። ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወራት ገደማ በፊት ወጥቶ የነበረ ሲሆን፣ በተቋማቱ ከተጠቁት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ድጋፍ ያልተቋረጠበትን ዊንዶውስ 7 የሚጠቀሙ ነበሩ። ይህም የሶፍትዌሩ አዲስነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ማሻሻያዎችን በወቅቱ መጫን ወሳኝ መሆኑን ያመለክታል።

ለመሥሪያ ቤቶች ሌሎች አማራጮችም አሉ። አንደኛው ለዊንዶውስ 10 እስከ ሦስት ዓመት የሚሰጠውን የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ በክፍያ ማግኘት ነው። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች ያወጣው መነሻ ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ በሦስቱ ዓመታት በድምሩ 427 ዶላር ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት የሚጀምር ድርጅትም ያለፈውን ዓመት ክፍያ እንዲከፍል ይጠየቃል። በመሆኑም ወጪውን ከአዲስ ኮምፒዩተር ግዢ ጋር ማነፃፀር ይገባል።

ሌላው አማራጭ እንደ ኡቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችን መጠቀም ነው። እነዚህ ቲፒኤም 2.0ን በግዴታ አይጠይቁም። ነገር ግን ለዊንዶውስ ብቻ የተሠሩ የሒሳብና የመዝገብ ፕሮግራሞች ላይሠሩባቸው ይችላሉ። ዩኒኮድን ባልተከተሉ የቆዩ የግዕዝ ፊደላት የተጻፉ ሰነዶችም ፊደሉ ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ተዘባርቀው ስለሚታዩ አስቀድሞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ያስፈልጋል።

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ኮምፒዩተሮችን በዓይነትና በሚሰጡት አገልግሎት መመዝገብ፣ የሰነዶችን መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ ማስቀመጥና ቅጂው በትክክል መከፈቱን ማረጋገጥ ከለውጡ በፊት ሊከናወኑ ይገባል። የዜጎች መረጃ የሚያዝባቸው ኮምፒዩተሮች ቅድሚያ ሊያገኙ ይገባል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የሚይዙ አካላት የጥበቃ ኃላፊነት እንዳለባቸው ደንግጓልና።

ነባር ኮምፒዩተርን በአዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማሠራት ወጪ ሊቆጥብ ይችላል። ቁጠባው ግን የሚዘልቀው ኮምፒዩተሩ ከተጫነለት በኋላ ማሻሻያውን በየወሩ የሚከታተልና ስለውጤቱ የሚጠየቅ ባለሙያ ሲመደብለት ነው።