ነብሩ ይጾማል፣ እረኛው ግን አይተኛም

ወደ አርባ ምንጭ የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ነው። ከአፋፉ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲመለከት በግራው ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ፣ በቀኙ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የሚሉት ኮረብታማ መሬት ይታየዋል። ከእግሩ ሥር ጥቅጥቅ ያለ ደን ተኝቷል፤ ከድልድዩ ባሻገር የነጭ ሣር ሜዳ አለ። እንግዳው ፎቶግራፍ ያነሣል፣ «ፈጣሪ እንዴት አድርጎ ሠርቶታል!» ይላል፣ ይሄዳል። እኔ ግን በዚህች ከተማ የባንክ ሠራተኛ ሆኜ የምኖር ሰው ነኝና ይህን ምድር እንደ ሥዕል ብቻ ልመለከተው አልቻልሁም። በጋሞ ምድር ለጎብኚው ትዕይንት የሆነው ሁሉ ለሌላው ሰው ውኃው፣ ቤቱ፣ ግጦሹ ወይም ሸንጎው ነው። ታሪኩንም መፈለግ ያለብን ከዚያ ይመስለኛል።

እስቲ ከስሞቹ እንጀምር። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለው ጣሊያናዊ አሳሽ እ.ኤ.አ. በ1896 ከአባያ ዳር ደርሶ ሐይቁን በንጉሡ በኡምቤርቶ ሚስት ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው። ዓመቱ የዐድዋ ዓመት መሆኑን ልብ ይሏል። መንግሥቱ በሰሜን ድል በተመታበት ዓመት አሳሹ በደቡብ ሐይቅ ያህል ነገር ለንግሥቲቱ ያበረክት ነበር። እርሱም በማግስቱ ዓመት በምዕራብ ኢትዮጵያ በውጊያ ሞተ። ያወጣው ስም በፈረንጆች ካርታ ላይ ለረዥም ዘመን ቢቆይም፣ የአገሩ ሰው አባያ ማለቱን አልተወም፤ ዛሬ ካርታውም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

የአባያ ቅላት የራሱ ታሪክ አለው። ከስፋት አንፃር በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች የሚስተካከለው የለም፤ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ቀለሙን የሰጠው ወንዞች ከየደጋው ጠርገው ያመጡት፣ በውኃው ውስጥ ተንሳፎ የቀረው አፈር ነው። እንግዲህ በአባያ ዳር ቆሞ «እንዴት ያምራል!» የሚል ሰው የገበሬ ማሳ ታጥቦ ሲሄድ እያየ ነው ማለት ነው።

የከተማዋስ ስም? ቁጥር እንጀራዬ ስለሆነ፣ ምንጮቹ በእርግጥ አርባ ናቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። ነገር ግን «አርባ» በእኛ ዘንድ የሒሳብ ቃል ብቻ አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፣ ለሞተ ሰው አርባው ይወጣለታል። አርባ የሙላት ቁጥር ነው። ስለዚህ ስሙን ያወጣው ሰው ከገደሉ ሥር ውኃው ከየአቅጣጫው ሲፈልቅ አይቶ የተደነቀ እንጂ አንድ ሁለት እያለ የቆጠረ አይመስለኝም።

ከተማዋ ራሷ ወጣት ናት። የቀድሞው የጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በደጋው ላይ ያለችው ብርዳማዋና ጭጋጋማዋ ጨንቻ ነበረች። ቆላው የወባ አገር በመሆኑ የደጋው ሰው ይፈራው ነበር። መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፈተባት፤ ተቋሙም በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የአገሪቱ የውኃ መሐንዲሶች በምንጭ ስም በተጠራች ከተማ መማራቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ነዋሪው ሁሉ ግን፣ መሐንዲስ ሆነ ነጋዴ፣ የሚጠጣው ከዚያው ከገደሉ ሥር የሚፈልቀውን ውኃ ነው።

ምንጮቹና በዙሪያቸው ያለው ደን የሚገኙት በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ተከለለለት፤ እንዲጠበቁ ከታሰቡት እንስሳት ዋነኛው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቆርኬ ነበር። ይሁን እንጂ ሜዳው ሰው አልባ አልነበረም። የጉጂ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ ኮሬዎችም ያርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓርኩ አስተዳደር አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ የውጭ ድርጅት እንዲተላለፍ ስምምነት ሲደረግ ኮሬዎቹ ተነሥተው ከፓርኩ ውጭ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጉጂዎች ቤቶች መቃጠላቸውን የመብት ተሟጋቾች ዘገቡ። ድርጅቱም በ2008 ጥሎ ወጣ። በዚህ ሁሉ መካከል ቆርኬው እጅግ ተመናመነ። ሰው ተፈናቀለ፣ አውሬውም አልዳነም። ከሴቻ አፋፍ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ሜዳው ያው ሜዳ ነው፤ ከዚህ ታሪክ አንዳችም አይታይም።

በዚሁ ሜዳ ላይ የሆነ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990 ከውጭ የመጡ ተመራማሪዎች በመኪና መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። በሌሊት ከሚበርሩትና ቀን መሬት ላይ ተኝተው ከሚውሉት ወገን ናት። ከአካሏ ለጥናት የበቃው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስትመዘገብ ሳይንሳዊ ስሟም ከዚሁ ወጣ፤ «ሶላላ» አሏት፣ «ክንፍ ብቻ» ለማለት። በ2009 አየናት ያሉ ተመልካቾች ተነሥተዋል። እንዲህ ሁሉ ሰው በሚጎበኘው ሜዳ በክንፏ ብቻ የታወቀች ነዋሪ መኖሯ፣ አየነው የምንለው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያስታውሰኛል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። የጨንቻ መንገድ ዶርዜ ሲደርስ ጎብኚው ከመኪናው ይወርዳል፤ የዝሆን ፊት የሚመስሉትን ረጃጅም የቀርከሃ ቤቶች ያያል፣ ከእንሰት የተጋገረ ቆጮ ይቀምሳል። ቤቱ ሲሠራ ከፍ ተደርጎ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጠዋል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። የሽመና እጃቸውንማ የአዲስ አበባ ሰው በሽሮ ሜዳ ያውቀዋል፤ ለበዓል ከምንለብሰው ነጠላ ስንቱ የዶርዜ ሸማኔ ሥራ ነው!

ጋሞዎች «ዱቡሻ» የሚሉት አደባባይ አላቸው። ለማያውቅ ሰው ሣር የለበሰ ሜዳ ነው፤ ለእነርሱ ግን የሚመክሩበት፣ የሚዳኙበት፣ የሚታረቁበት ሸንጎ ነው። የዚህ ሥርዓት ፍሬ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ለአገር ሁሉ ታየ። በቡራዩና በአካባቢው በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ በተፈጸመ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ከአርባ ምንጭ ውብ ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም፤ ይህ ግን ወረፋ ይዘው የሚጎበኙት አይደለም።

ስለ ዶርዜ ብዙ ከጻፉት አንዱ ፈረንሳዊው ዳን ስፔርቤር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ የሰማውን አንድ እምነት ያነሣል። በዶርዜዎች ዘንድ ነብር ክርስቲያን ነው፤ ረቡዕና ዓርብን ይጾማል። ሆኖም የዶርዜ ሰው በእነዚህ ቀናት ከብቶቹን መጠበቁን አይተውም። ስፔርቤር ይህን የተመራመረበት ስለ ሰው ልጅ አስተሳሰብ ለማጥናት ነው። እኔ ግን እንደ ምክር ወሰድሁት። ነብሩ ይጾማል ማለት አንድ ነገር ነው፤ እረኛው መተኛት ይችላል ማለት ግን ሌላ ነው።

እኛ የአርባ ምንጭ ሰዎች በስማችን እንመካለን። አርባ ምንጭ ያለው ሰው ውኃ ያልቅብኛል ብሎ እንዴት ይፈራል? ውኃው ግን ከላይ ከደጋው ሰርጎ የሚመጣ ዝናብ ነው። ደጋው ሲራቆት አፈሩ ወደ አባያ ይወርዳል። ከሥር ያለውም ደን ከውኃው ይጠጣል፣ የውኃውንም ዙሪያ ይጠብቃል። ከዚያ ደን ማገዶ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ዳገቱን የሚወጡ ሴቶች አሉ። እነርሱን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን ሸክሙ የሚራገፈው በእኛው ገበያ ነው፤ እንጀራችንም የሚጋገርበት እርሱ ነው። ደኑን መጠበቅ ማለት ለእነዚህ ሴቶች ሌላ መተዳደሪያ፣ ለምድጃችንም ሌላ እሳት መፈለግ ማለት ነው። ያለዚያ የነጭ ሣሩን ታሪክ በከተማችን ሥር እንደግመዋለን፤ ሰውም ይጎዳል፣ ደኑም አይተርፍም።

ውድ አንባቢ፣ ወደዚህ ስትመጣ ከሴቻ አፋፍ ቆመህ ሐይቆቹን እይ፣ ወደ ጫሞም ወርደህ አዞዎቹን ተመልከት፣ ለዶርዜም ቀን መድብ። አንድ ጠዋት ግን ከምንጮቹ ዳር፣ ከሾላው ጥላ ሥር ዝም ብለህ ተቀመጥና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚጠጣው አስብ። ከሥራ መልስ ግጥም መሞከር ልማዴ ነው፤ ስለዚያ ቦታ ግን እስከ ዛሬ የመጡልኝ ሁለት መስመሮች ብቻ ናቸው፦

አርባ ነው ይላሉ ምንጩን ሳይቆጥሩት፣
አንዱ ደርቆ ሲቀር ያኔ ነው የሚያውቁት።