ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ሥልጣን፦ የኬንያዋ ሞያሌ ትምህርት ቤቶች በጀትና የአካባቢ ምክር ቤት ታሪክ

የአንድ አካባቢ ምክር ቤት የትምህርት ቤቶቹን ዓመታዊ በጀት ሲያጸድቅ ገንዘብ ይመድባል፤ በዚያውም ልጁን የማስተማር ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ ይወስናል። ገንዘቡ በሒሳብ መዝገብ ላይ በቁጥር ይሰፍራል። ኃላፊነቱን ለማወቅ ግን ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ከማንበብ በተጨማሪ ሊያጸድቅ ያልተፈቀደለትን ማየት ያስፈልጋል። የኬንያዋ ሞያሌ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ የማርሳቢት ካውንቲ ምክር ቤት በአንድ የሞያሌ ልጅ ትምህርት ላይ ያለው ሥልጣን ልጁ በአራት ዓመቱ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ይጀምርና ወደ አንደኛ ክፍል ሲዛወር ያበቃል። ይህ ጽሑፍ ሥልጣኑ በምን መንገድ ወደ ሁለት ዓመት እንደ ጠበበና ይህም በከተማዋ ነዋሪዎች ላይ ያስከተለውን ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በግሪጎርያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞያሌ በሁለት መንግሥታት መካከል የተከፈለች ከተማ ናት። በ1907 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል ካበጃቸው የጠረፍ ኬላዎች መካከል በሁለቱም ወገን በአንድ ስም የምትጠራው ይህች ቦታ ትገኝበታለች። ቦረና፣ ገብራ፣ ቡርጂ፣ ገሪ፣ አጁራንና ሌሎችም ከወሰኑ ወዲህና ወዲያ ይኖራሉ። ዘመድ ከዘመድ በእግር ይጠያየቃል፤ ገበያውም የጋራ ነው። የትምህርት ቤቱ የበጀት መዝገብ ግን በሁለት አገር፣ በሁለት ሕግና በሁለት የበጀት ዘመን ይያዛል።

በቅኝ ግዛት ዘመን እንግሊዞች አካባቢውን የሰሜን ጠረፍ አውራጃ በሚል ስም ያስተዳድሩ ነበር። በ1926 ዓ.ም. የተዘጋ አውራጃ ተብሎ ታወጀ፤ በ1934 ዓ.ም. ደግሞ በልዩ አውራጃዎች ድንጋጌ ሥር ሆነ። ሰው ያለ ፈቃድ አይገባበትም፣ አይወጣበትም ነበር። በዚያው ዘመን በመካከለኛው ኬንያና በኒያንዛ ከ1924 ዓ.ም. ድንጋጌ በኋላ የተቋቋሙት የአገሬው ተወላጆች ምክር ቤቶች በራሳቸው ሕዝብ ላይ ለትምህርት የሚውል ግብር መጣል ጀምረው ነበር። የኪኩዩ አካባቢ ምክር ቤቶች በዚህ መንገድ ያሰባሰቡት ገንዘብ ከሚሲዮኖች ቁጥጥር ውጭ የሆነ ትምህርት ቤት ለመጠየቅ አስችሏቸዋል። ግብር የጣለ ሕዝብ ግብሩ የት እንደ ገባ ይጠይቃል፤ በጀት ማጽደቅንም የሚማረው በዚሁ ነው። በሰሜኑ ጠረፍ ግን አስተዳደሩ በወታደርና በኬላ ላይ የቆመ ስለ ነበር ሕዝቡ ይህን ልምድ አላገኘም። በኋላ ዘመን የታየው የትምህርት ቤቶች እጥረት ከገንዘብ ማነስ ባሻገር ይህ የምክር ቤት ልምድ መቅረቱም ያስከተለው ነው።

በ1963 ዓ.ም. ኬንያ ነፃ ስትወጣ ሁኔታው የሚለወጥ መስሎ ነበር። ሞያሌ፣ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ በምሥራቅ ክልል፣ ጋሪሳ፣ ዋጂርና ማንዴራ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ ክልል ተደለደሉ። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ደንብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን፣ የጤና አገልግሎትንና የአካባቢ መንገዶችን ለካውንቲ ምክር ቤቶች ሰጠ። ምክር ቤቶቹ የግል ገቢ ግብር ይሰበስቡ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይቀበሉና ከማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ ያገኙ ነበር። ዓመታዊ በጀታቸውን ራሳቸው አዘጋጅተው ካጸደቁ በኋላ የሚኒስትሩን ይሁንታ ይጠይቃሉ። በወረቀት ላይ የአንደኛ ክፍል ተማሪና የምክር ቤቱ አባል ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የዚያን ዘመን ያህል ተቀራርበው አያውቁም።

በሰሜን ግን ይህ ሥልጣን ዕድል አላገኘም። በታኅሣሥ 1963 ዓ.ም. በአካባቢው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሺፍታ ጦርነት እየተባለ የሚጠራው ግጭትም እስከ 1967 ዓ.ም. የአሩሻ ስምምነት ድረስ ዘለቀ። ሰዎች በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች እንዲሰበሰቡ ተደረገ፤ ከብትም አለቀ። ሀብቱ ከብት የሆነ ሕዝብ ከብቱ ሲያልቅ ግብር የሚከፍልበት አይኖረውም፤ ግብር ያልተሰበሰበበት ምክር ቤትም የሚያጸድቀው በጀት ከወረቀት አያልፍም።

የገንዘብ ድካሙ በሰሜን ባሰ እንጂ በሌላም አካባቢ የነበረ ነው። ብዙ የካውንቲ ምክር ቤቶች የመምህራንን ደመወዝ በወቅቱ መክፈል ተስኗቸው ዕዳ ውስጥ ገቡ። በ1966 ዓ.ም. ሕግ የተመሠረተው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን የመምህሩን ቅጥር ወደ ማዕከል ወሰደ። ቀጥሎም የ1969 ዓ.ም. የሥራ ማስተላለፊያ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን፣ ጤናንና መንገድን ከካውንቲ ምክር ቤቶች ነጥቆ ለማዕከላዊ መንግሥት ሰጠ። ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ናኩሩ፣ ኪሱሙና ሌሎች ጥቂት ማዘጋጃ ቤቶች ግን ትምህርት ቤቶቻቸውን እንደ ያዙ ቀሩ። ልዩነቱን የወሰነው የራስ ገቢ ነበር፤ ቤትና መሬት አስገብሮ መምህሩን መክፈል የቻለ ከተማ ሥልጣኑ አልተነካም። ሞያሌን የመሰለ የጠረፍ ከተማ በበኩሉ ሰባት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሠራበትን ሥልጣን አጣ።

ማዕከሉ የወሰደውን ኃላፊነት ፈጽሞ አልዘነጋውም። በ1971 ዓ.ም. በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ የተፈጥሮ ሁኔታቸው አስቸጋሪ በሆነ አውራጃዎች የመማሪያ ክፍያ ተሰረዘ፤ በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በመላው አገሪቱ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ነፃ ሆነ። ይሁን እንጂ ክፍያው ሲቀር የሕንፃ መዋጮ መጣ። የሀራምቤ መንፈስ ሕዝቡ ለራሱ ትምህርት ቤት እንዲያዋጣ ይጠይቅ ነበር፤ ቡና ወይም ሻይ ሽጦ ለሚያዋጣ ገበሬና ድርቅ ከብቱን ለፈጀበት አርብቶ አደር ግን ይህ ጥሪ አንድ ክብደት አልነበረውም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የወጪ መጋራት መመሪያ ሸክሙን አከበደው። በ2003 ዓ.ም. የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ገና ነፃ ሲሆን መንግሥት ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 1,020 ሺሊንግ መደበ፤ ገንዘቡም ከናይሮቢ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይገባ ጀመር። የሚያስተዳድረው የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ነበር። የአካባቢው ምክር ቤት በመካከል አልነበረም።

የነሐሴ 2010 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሥልጣኑን ድርድር ዳግመኛ ከፈተ። የሕገ መንግሥቱ አራተኛ ሠንጠረዥ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን፣ ሥርዓተ ትምህርትንና ፈተናን ለብሔራዊ መንግሥት አስቀረ። ለካውንቲዎች የተሰጡት የቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ የመንደር የሙያ ማሠልጠኛዎችና የሕፃናት ማቆያዎች ናቸው። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የማርሳቢት ካውንቲ ሥራ ጀመረ። ካውንቲው 20 የምርጫ ቀጣናዎች ሲኖሩት ሰባቱ የሞያሌ ናቸው።

በጀቱ የሚጸድቅበት ሥርዓት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ሕግ በቀን ለይቶ የወሰነው ነው። የካውንቲው አስፈጻሚ እስከ መስከረም 1 ቀን ዓመታዊ የልማት ዕቅዱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። እስከ የካቲት 28 ቀን የፋይናንስ ስልት ሰነዱን በመላክ ለየመሥሪያ ቤቱ የሚደርሰውን ጣሪያ ያሳያል። እስከ ሚያዝያ 30 ቀን ዝርዝር የበጀት ረቂቁ ይቀርባል። የምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ የየዘርፍ ኮሚቴዎችን አስተያየት ይሰበስባል፤ ሕገ መንግሥቱ በፋይናንስ ጉዳይ የሕዝብ ተሳትፎን ግዴታ ስላደረገም ሕዝብን ያዳምጣል። የበጀት ዘመኑ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የወጪ ሕጉ እስከ ሰኔ 30 ቀን መጽደቅ ይኖርበታል። ከዚያም በኋላ ቢሆን የበጀት ተቆጣጣሪው ሳይፈቅድ ከካውንቲው ግምጃ ቤት ሒሳብ አንድ ሺሊንግ አይወጣም።

ሥርዓቱ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ሕዝቡ የሚጠይቀውና ምክር ቤቱ መስጠት የሚችለው አለመገጣጠማቸው ነው። ወላጅ በስብሰባ ላይ ቆሞ የሚናገረው ስለ ልጁ ትምህርት ቤት ነው፤ ሕጉ ትምህርት ቤቱን በክፍል እንደሚከፋፍለው አያስብም። በአንድ ግቢ ውስጥ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ደመወዝ ከማርሳቢት፣ የአንደኛ ክፍል መምህሩ ደመወዝ ከናይሮቢ ይመጣል። የመጀመሪያ ደረጃ መማሪያ ክፍል ይሠራልን የሚል ጥያቄ ሲነሣ የቀጣናው ተመራጭ ገንዘብ ቢኖረው እንኳ የመመደብ ሥልጣን የለውም። ጥያቄው የፓርላማ አባሉ የምርጫ ክልል ልማት ፈንድ ወደ ሚያስተዳድር ኮሚቴ ይሻገራል። ለድሃ ተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ድጎማም እንዲሁ አከራካሪ ሆኗል፤ በጥር 2025 ዓ.ም. የበጀት ተቆጣጣሪዋ ካውንቲዎች ከብሔራዊ መንግሥት ጋር ስምምነት ሳይኖራቸው ለሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ላሉ ተማሪዎች ድጎማ እንዳይከፍሉ ስታስታውቅ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። የተራቆቱ አካባቢዎችን ለማካካስ በሕገ መንግሥቱ የተቋቋመው የማመጣጠኛ ፈንድም የሚውለው ለውሃ፣ ለመንገድ፣ ለጤና ተቋማትና ለኤሌክትሪክ ነው፤ ትምህርት ቤት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

የምክር ቤቱ ነፃነት በገቢውም የተገደበ ነው። ከበጀቱ አብዛኛው ከናይሮቢ በቀመር የሚከፋፈል ድርሻ ነው። በ2020 ዓ.ም. የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ለሳምንታት የተጨቃጨቀው የሕዝብ ብዛት ምን ያህል ይመዝን በሚለው ላይ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ሺሊንግ የሚለው መፈክር ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ማርሳቢት በ2019 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 460,000 ገደማ ሕዝብ ይዞ ከአገሪቱ ሰፋፊ ካውንቲዎች አንዱ ነው፤ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ መዋዕለ ሕፃናት መክፈት ተጠጋግቶ ለሚኖረው ከመክፈት ይልቅ ለአንድ ልጅ የሚጠይቀው ወጪ ከፍ ያለ ነው። ምክር ቤቱ የሚቀመጥባት የማርሳቢት ከተማ ራሷ ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ከወሰኑ ወዲያ፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ፣ አሠራሩ በተቃራኒው ነው። የኦሮሚያም የሶማሌም ክልል በስፍራው የየራሳቸው አስተዳደር አላቸው። በኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ ሕገ መንግሥታዊ ለውጥ ወዲህ፣ በተለይም የወረዳ ጥቅል ድጎማ በ2002/03 ዓ.ም. በአራት ትልልቅ ክልሎች ከተጀመረ በኋላ፣ የመምህሩ ደመወዝ በወረዳው በጀት ውስጥ ይገባል። ክልሉ ድርሻውን ያሳውቃል፤ የወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ለየሴክተሩ ይደለድላል፤ ካቢኔው አይቶ ለወረዳው ምክር ቤት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም ያጸድቃል። እዚህ ሥልጣኑ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይዘልቃል። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ግን ለጠመኔ፣ ለወንበርና ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ስለሚሆን ክፍተቱን የትምህርት ቤት ድጎማና የወላጆች መዋጮ ይሞላሉ። ስለዚህ በአንድ ወገን ያለው ምክር ቤት ትምህርት ቤቱን የመደጎም ሥልጣን ይዞ ገንዘብ ያጥረዋል፤ በሌላው ወገን ያለው ደግሞ ሥልጣኑን ራሱ ተነፍጓል።

ከሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የሚወድቀው ወሰን ተሻጋሪው ልጅ ነው። ድርቅ ወይም ግጭት ቤተሰብን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲያፈልስ ልጁ አብሮ ይሄዳል፤ በስሙ የተመደበው ድጎማ ግን አይከተለውም። በመጋቢት 2018 ዓ.ም. በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ኬንያ ተሻግረዋል፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኬንያዋ ሞያሌ ግጭት ሰዎችን ወደ ኢትዮጵያ አሰድዷል። የኬንያ ድጎማ የሚሰላው በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር ነው፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ የተዘረጋው የተማሪዎች መረጃ ሥርዓትም የልደት የምስክር ወረቀት ቁጥር ይጠይቅ ነበር። በስደት ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ወረቀት ከየት ያመጣል? መምህሩ ልጁን ከክፍል ባያስወጣውም እንኳ በጀቱ ስለ ልጁ መኖር አያውቅም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። በ1970 ዓ.ም. ሥልጣኑ የተነጠቀው ምክር ቤቶች ገንዘብ ስላነሳቸው ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ገንዘቡ በቀመር ሲመለስ ሥልጣኑ አብሮ አልተመለሰም። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በማዕከል ማቆየት የራሱ ምክንያት አለው፤ ሞያሌን የመሰለ ስፍራ ካውንቲው ብቻውን ሊከፍል የማይችለውን መምህር ከማዕከል ያገኛል፤ ሰባቱ ዓመታትም ይህን አስተምረዋል። ነገር ግን ሕዝብን ለስብሰባ ጠርቶ ሊፈጸም የማይችለውን ጥያቄ በየዓመቱ መመዝገብ የተሳትፎን ትርጉም ያራክሳል። ሕገ መንግሥቱ አንድ የመንግሥት እርከን ሥራውን ለሌላው በስምምነት እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። የመማሪያ ክፍል ግንባታና ጥገና በዚህ መንገድ፣ ከነገንዘቡ፣ ወደ ካውንቲው ቢሻገር የሞያሌ ወላጅ ጥያቄውን ድምፅ ለሰጠው ተመራጭ ያቀርባል፤ ተመራጩም ሥልጣን የለኝም ብሎ የሚያመልጥበት መንገድ አይኖረውም። ያ እስኪሆን ድረስ ምክር ቤቱ በየሰኔው የሚያጸድቀው የትምህርት በጀት የሕፃኑን ሁለት ዓመት እንጂ የተማሪውን ዕድሜ አይሸፍንም።