ማደሪያ (መሬት)

ማደሪያ በኢትዮጵያ ዘውዳዊ ሥርዓት ለወታደርና ለሌላ የመንግሥት አገልጋይ በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት ነበር። ተቀባዩ በአገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ይጠቀምበታል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። አገልግሎቱ ሲያበቃ መሬቱ ወደ መንግሥት ይመለሳል።

የቤተሰብ አገልግሎት

ወታደር ሲዘምት ብዙ ጊዜ ሚስቱም አብራው ትጓዝ ነበር። ሴቶች ስንቅ ይሸከማሉ፣ እህል ይፈጫሉ፣ ምግብ ያበስላሉ፣ ቁስለኛ ያስታምማሉ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ይሁን እንጂ ባልና ሚስት አብረው ቢያገለግሉም ማደሪያው በአብዛኛው የሚሰጠው በባል ስም ነበር።

በጎጃም

ማደሪያ ይበልጥ የተስፋፋው በደቡብ ኢትዮጵያ ነው። በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በደጋ ዳሞት አካባቢ ገበሬው መሬት የሚይዘው በአብዛኛው በርስት ነበር። ርስት ከአባትም ከእናትም ወገን ስለሚወረስ፣ ከማደሪያ በተለየ ሚስትም በራሷ ትውልድ ድርሻ መጠየቅ ትችል ነበር። በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ወታደሮች በየገበሬው ቤት እየተመሩ ያርፉና ይቀለቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1880ዎቹ አሥራት የተባለውን ግብር ያቋቋሙት ይህን ሸክም ለማቃለል ነበር።

ፍጻሜ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ማደሪያም ርስትም ቀርተዋል።