የተደበቀ መረጃ ዋጋ፦ ኦ. ሄንሪ እና እምብዛም የማይነበቡት የመንፈስ ታሪኮቹ

በ1797 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረችው ፍራንክሊንተን ከኮለምበስ ከተማ በዕድሜ ትበልጣለች። ከሳዮቶ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻዋ ቆሞ ወደ ማዶ የሚመለከት ሰው ዛሬ የስፖርት አዳራሽና አዳዲስ ሕንፃዎችን ያያል። እስከ 1984 ድረስ ግን በዚያ አካባቢ የኦሃዮ እስር ቤት ነበር። ከኤፕሪል 1898 እስከ ጁላይ 1901 ከታሰሩት አንዱ ዊልያም ሲድኒ ፖርተር፣ በኋላ ዓለም ኦ. ሄንሪ ብሎ ያወቀው ጸሐፊ ነው።

ፖርተር በኦስቲን፣ ቴክሳስ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ሳለ ገንዘብ አጉድሏል ተብሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት። የመድኃኒት ቀማሚነት ሙያ ስለነበረው በእስር ቤቱ መድኃኒት ቤት ሌሊት ሌሊት ይሠራ ነበር፤ በትርፍ ጊዜውም ይጽፋል። ታሪኮቹ በወዳጅ አማካይነት በኒው ኦርሊንስ በኩል አልፈው፣ ኒው ዮርክ ላሉ መጽሔቶች በብዕር ስም ይደርሱ ነበር። ልጁ ማርጋሬት አባቷ ለሥራ ጉዳይ ርቆ እንደሄደ ተነግሯት አደገች። የጸሐፊነት ሥራው ገና ከጅምሩ በተደበቀ መረጃ ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል።

አንባቢ ኦ. ሄንሪን የሚያውቀው ባልተጠበቁ ፍጻሜዎቹ፣ በሌቦቹና በመርማሪዎቹ ነው። ሼርሎክ ሆምስን እንኳ «ሻምሮክ ጆልንስ» በሚል ስም ቀልዶበታል። ምናባዊና ምስጢራዊ ታሪኮቹ ግን በእነዚህ ዝና ተሸፍነው ቀርተዋል። ከእነርሱ መካከል በ1904 የታተመው «ከነዕቃው የሚከራይ ክፍል» ለኢኮኖሚ አሳቢ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው።

አንድ ወጣት የጠፋችበትን ፍቅረኛውን ፍለጋ በኒው ዮርክ የኪራይ ቤቶችን ያስሳል። በአንዱ ክፍል ውስጥ በድንገት እርሷ የምትወደው የአበባ ሽታ ያውደዋል። እንደ መርማሪ መሳቢያውንና ጥጋጥጉን ቢፈትሽም የተረፉት ቁርጥራጮች የማንም ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። አከራይዋን ሲጠይቃት እንዲህ ያለች ሴት እዚህ አልነበረችም ትለዋለች። ተስፋ ቆርጦም በዚያው ሌሊት ሕይወቱን ያጠፋል። በመጨረሻ አከራይዋ ለጓደኛዋ የምታወራው እውነቱን ይገልጣል፤ ልጅቷ ከሳምንት በፊት በዚያው ክፍል፣ በዚያው ዓይነት ሞት ሞታ ነበር። ጓደኛዋም መደበቋን እንደ ንግድ ብልሃት ታደንቃለች፤ ሞት ያለበትን ክፍል ማን ይከራያል?

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 በጻፈው ዝነኛ ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ በማያውቅበት ጊዜ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ በአሮጌ መኪና ምሳሌ አስረድቷል። በኦ. ሄንሪ ታሪክ ጉዳቱ ከዋጋ ያልፋል። የመርማሪው ስልት የከሸፈው ብልሃት ስላነሰው ሳይሆን ብቸኛዋ ምስክር ዝም ማለት ስለሚያዋጣት ነው። መንፈሱ የገበያው ዝምታ ያፈነውን እውነት ይዞ ይመጣል፤ ሽታ ግን ማስረጃ አይሆንም።

በእኛ ባህል ይህን ክፍተት የሚሞላ ተቋም አለ። ዕድር ብዙውን ጊዜ የሚጠናው እንደ ቀብር መድን ነው፤ ሁለተኛው አገልግሎቱ ግን መረጃ ነው። ማን እንደሞተ፣ ለማን መርዶ እንደሚነገር፣ ማን ከለቅሶ እንደቀረ ይታወቃል። የኒው ዮርኳ ሟች ዕድርተኛ ብትሆን ኖሮ ሞቷ የአከራይዋ የግል ምስጢር ሆኖ ባልቀረ ነበር። በውጭ አገር ከተማ በኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ወገን የሚያጣው ይህንን ጭምር ነው።

ሆኖም ሁሉም ነገር ይገለጥ ማለት መልስ አይደለም። ፖርተር ራሱ አዲስ ሕይወት የጀመረው ወንጀሉን ደብቆ ነው። በ1903 ባወጣው የጂሚ ቫለንታይን ታሪክ፣ ካዝና ሰባሪው ጠባዩን ካሳመረ በኋላ ሕፃን ለማዳን ሲል ማንነቱን ያጋልጣል፤ መርማሪው ግን እንደማያውቀው ሆኖ ያልፋል። በዚያው ዓመት የወጣው «የዕጣ ፈንታ መንገዶች» በተቃራኒው ምሕረት የለውም፤ ባለታሪኩ ከሦስት መንገዶች የትኛውንም ቢከተል የሚሞተው በአንድ ሽጉጥ ነው። በመጀመሪያው ታሪክ ያለፈው ሕይወት ዕጣ እንዳይሆን ያደረገው አንድ ሰው የሚያውቀውን ላለመጠቀም መወሰኑ ነው።

ይህ ውሳኔ ዛሬ የሕግ ጥያቄ ሆኗል። ኦሃዮ ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ቀጣሪዎች በመጀመሪያው ማመልከቻ ቅጽ ላይ የወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቁ ከልክላለች። ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን አማንዳ አጋንና ሶንያ ስታር በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ በኒው ጀርሲና በኒው ዮርክ ከተማ ተመሳሳይ ሕግ ሲወጣ በነጭና በጥቁር አመልካቾች መካከል ያለው የመልስ ጥሪ ልዩነት መስፋቱን አሳይተዋል። ቀጣሪዎች ያጡትን መረጃ በግምት ሞሉት፤ ግምቱም የወደቀው አንዳች ወንጀል ባልሠሩት ጭምር ላይ ነው። መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ኢትዮጵያዊ ወጣትም ከዚህ ግምት አያመልጥም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ መረጃው ይደበቅ ወይስ ይገለጥ የሚለው ብቻ አይደለም። ዝምታው ማንን ይጠቅማል፣ ባዶ የቀረውንስ ቦታ ማን በምን ይሞላዋል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአከራይዋ ዝምታ ኪራይ አስገኘላት፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ተከራዩ ነው። የመርማሪው ዝምታ ደግሞ ለራሱ ምንም አላስገኘለትም፤ ለሌላው ሰው ግን ሕይወት ሆነ። የመረጃ ፖሊሲ የሚነድፍ ሁሉ ሕጉ ከሁለቱ የትኛውን ዝምታ እንደሚያበረታታ አስቀድሞ መመርመር ይኖርበታል።