ማክሊንቶክም ተስቆባት ነበር?

(ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማስረጃ አምጣ ሲባል «ታላላቆቹም መጀመሪያ ተስቆባቸው ነበር» የሚል ሰው ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አገኘሁ የሚለውም፣ የዓለምን ምስጢር ፈታሁ የሚለውም ይቺን መልስ ይወዳታል። ለምስክርነት ከሚጠሩት ስሞች አንዱ የአሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ የባርባራ ማክሊንቶክ ነው። ታሪኳን እስከ መጨረሻው ለሚሰማ ግን ምስክርነቷ ለእነሱ አይሆንም።

ማክሊንቶክ በ1902 ተወለደች፤ በ1927 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች። ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኒው ዮርክ ግዛት ባለው የኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የምርምር ማዕከል በየዓመቱ በቆሎ እየዘራችና በእጇ እያዳቀለች ክሮሞዞሙን በማይክሮስኮፕ ትመረምር ነበር።

ትኩረቷን የሳበው የፍሬው ቀለም ነው። አንዳንዱ ፍሬ ዥንጉርጉር ነው፤ ነጣ ባለ መደብ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለበት። ያን ጊዜ ጂኖች በክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ ቦታቸውን የማይለቁ ተደርገው ይታሰቡ ነበር። እሷ ግን ከቦታው ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚገባ የዘረመል ቁራጭ እንዳለ ደረሰችበት። ቁራጩ የቀለሙ ጂን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይጠፋል። ፍሬው እያደገ ሳለ ለቆ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ሴል የሚባዙት ሁሉ ቀለማቸው ይመለሳል። ቀደም ብሎ ከወጣ ነጠብጣቡ ሰፊ፣ ከዘገየ ትንሽ ይሆናል።

ይህን በ1950 አሳተመች፤ በ1951 በትልቅ ጉባኤ ላይ አቀረበች። ብዙዎቹ አልገባቸውም፣ የገባቸውም ተጠራጠሩ። ከ1953 በኋላ ዝርዝር ውጤቶቿን በታወቁ መጽሔቶች ማሳተሙን እየተወች መጣች። በ1983፣ በ81 ዓመቷ፣ የኖቤል ሽልማትን ለብቻዋ ወሰደች።

ብዙ ጊዜ የሚነገረን ይኸው ነው፤ የተቆረጠው ግን ይበልጣል።

አንደኛ፣ ማክሊንቶክ ማንም የማያውቃት ሴት አልነበረችም። በ1944 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆና ተመርጣለች፤ በ1945 የአሜሪካ የዘረመል ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ነበረች።

ሁለተኛ፣ ቁራጮቹ እንደሚዘዋወሩ ሌሎች የበቆሎ ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በራሳቸው ሙከራ አረጋግጠዋል። ያልታመነው ነገሩ ከበቆሎ አልፎ ለሌላ ሕይወት ያለው ትርጉም ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ባክቴሪያ ውስጥ፣ ቀጥሎም የፍራፍሬ ዝንብ ውስጥ ተገኘ። የሰው ልጅ ጂኖም ረቂቅ በ2001 ሲታተም ደግሞ ከዲኤንኤያችን ግማሽ የሚጠጋው ከእንዲህ ዓይነት ተዘዋዋሪ ቁራጮች የመጣ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛውን የሚነግረን ጥቂት ሰው ነው። እሷ አብልጣ የያዘችው ሐሳብ እነዚህ ቁራጮች የፍጡሩን እድገት የሚመሩ ተቆጣጣሪዎች ናቸው የሚለው ነበር። ይህ እሷ ባሰበችው መልክ አልጸናም። የተሸለመችው ለመዘዋወራቸው ግኝት ነው። ማስረጃው የእሷንም ሐሳብ ከፍሎ፣ ገሚሱን አጽድቆ ገሚሱን ትቶታል።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙበት ጂን ከአንዱ ወደ ሌላው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ተዘዋዋሪ ዲኤንኤ ነው። ዛሬ መድኃኒት እምቢ የሚለውን ቁስል ለመረዳት የዚያ በቆሎ ነጠብጣብ ያስፈልገናል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ንጋቱ በራሱ ይመጣል፤ እውነቱን ግን የሚያጠራው ሰው ነው፦ ሌላ ተመራማሪ፣ በሌላ ቦታ፣ በሌላ ፍጡር ላይ ሞክሮ። ስለዚህ «ተስቆብኝ ነበር» የሚል ሰው ሲመጣ የሚጠየቀው ማን እንደሳቀበት አይደለም። ነገሩን ከእሱ ሌላ ማን ሞክሮ አገኘው? ማክሊንቶክ ለዚህ መልስ አላት።