የወርቅ ክንፍ ወይስ የእርሳስ ክንፍ? ስለ አንድ ሞተር ሳይክልና ስለ መጀመሪያ ቀን ፍርድ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ ሞተር ሳይክል ነው። "ቲቸር ደግሞ ከዓድዋ ወደ ሞተር መቼ ተሻገረ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሱም ታሪክ ነው፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ ሆኖ ፎቶ ላከልኝ። አጠገቡ ወይፈን የሚያክል ሞተር ቆሟል። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ይባላል፤ "የወርቅ ክንፍ" እንደማለት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ ከእሱ ከራሱ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ከፎቶው ሥር እንዲህ ጽፏል፦ "ቲቸር፣ አብረውኝ የሚነዱት ልጆች ሶፋ ነድተህ መጣህ ብለው ሳቁብኝ። ልሽጠው እያልኩ ነው። እስቲ አንተ የታሪክ ሰው ነህ፣ ምን ትላለህ?"

እኔ የማውቀው የከተማችንን ሞተሮች ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር ሆነው ሦስት ሰው ከነዶሮው የሚጭኑትን። ግን ጥያቄው ያዘኝ። ሳነብ አመሸሁና ያገኘሁት ነገር ለክፍል ትምህርት የሚሆን ሆነ። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።)

ከጅምሩ እንነሳ። ሆንዳ በ1958 ሱፐር ከብ የምትባለዋን ትንሽ ሞተር ይዞ ወጣ፤ በ1969 ደግሞ ሲቢ 750ን። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሲቢ 750 የዓለምን የሞተር ገበያ አናወጠው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ1972 ካዋሳኪ ዜድ ዋን የተባለ 903 ሲሲ ሞተር አመጣና ዘውዱን ወሰደበት። በዚያው ዓመት የሆንዳ መሐንዲሶች "ከሁሉ የሚበልጥ" ሊሠሩ ተነሱ። ለሙከራ የሠሩት ባለ ስድስት ሲሊንደርና 1470 ሲሲ ነበር። ለገበያ ሲሆን ግን ወደ አራት ሲሊንደርና 999 ሲሲ ወረደ።

በ1974 ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ በተካሄደው የሞተር ትርዒት ላይ ለሕዝብ ታየ። ስሙ ጂኤል 1000 ጎልድ ዊንግ።

ዓመቱን ልብ በሉት። የነዳጅ ቀውስ ዓመት ነው። በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። አሜሪካ በአውራ ጎዳናዎቿ ላይ የፍጥነት ጣሪያውን በሰዓት 55 ማይል አድርጋለች። እኛም ጋ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ተጨመረ ብለው ነበር፤ አብዮቱን ስናጠና አይታችሁታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው እንግዲህ ሆንዳ ሊትር የሚሞላ ኤንጂን በሁለት ጎማ ላይ ጭኖ ብቅ ያለው።

ምን ነበረው? ኤንጂኑ እንደ መኪና በውኃ ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር አለው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ ተጋድመዋል። የኋላ ጎማው የሚዞረው በካቴና ሳይሆን እንደ መኪና በካርዳን ዘንግ ነው። ፊት ለፊት ታንክ የሚመስለው ነገር ውስጡ ቤንዚን የለም። እውነተኛው ታንክ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ክብደቱ ወደ መሬት ይቅረብ ተብሎ። ሞተሩ ያለ ነዳጅ ወደ 265 ኪሎ ይመዝናል። ያ ዓለምን ያስገረመው ሲቢ 750 እንኳ ወደ 220 ኪሎ ነበር።

ሞተር ወዳዱ ምን አለ? ብዙው ሳቀ። በተለይ በአውሮፓ። ቀለል ያለ ሞተር ይዞ በጠመዝማዛ መንገድ እየተጋደመ መንዳት የለመደ እንግሊዛዊ ይሄን ሲያይ "ባለ ሁለት ጎማ መኪና" አለው። የወርቅ ክንፍ የሚለውን ስሙን አጣመው "የእርሳስ ክንፍ" ያሉትም ነበሩ። (እርሳስ ስል ከባዱን ብረት ማለቴ ነው፣ መጻፊያውን አይደለም።) ሞተር እኮ ነፋስ ነው፣ ቅለት ነው፤ ይሄ ምኑ ሞተር ነው? አሉ። አንዳንዱ ደግሞ ለውድድር መስሎት ለካው፤ ለውድድር ሲለካ በእርግጥ ከባድ ነው።

አሁን ከሳቁ ራቅ ብለን አንድ ሌላ ሰው እንይ። በአሜሪካ ከኒው ዮርክ እስከ ሎስ አንጀለስ በመንገድ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባለቤቱን ከኋላ፣ ድንኳኑን ከጎን ጭኖ ይሄን መንገድ የሚሄድ ሰው አለ። ለሱ ካቴና ማለት ጣጣ ነው። በዚያ ዘመን ካቴና በየጊዜው ዘይት ይፈልጋል፣ ይላላል፣ ማጥበቅ አለበት። ካርዳን ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። በውኃ የሚቀዘቅዝ ኤንጂን በበረሃ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲነዳ አይንገበገብም፤ ድምፁም ዝግ ያለ ነው። የተጋደመው ኤንጂንና ከሥር ያለው ታንክ ደግሞ ያን ሁሉ ክብደት ወደ ታች ስለሚስቡት፣ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ እንደሚመስለው አይከብድም። ሳቂዎቹ ጉድለት ብለው የቆጠሩት ሁሉ ለዚህ ሰው ስንቅ ነበር።

ደስ የሚለው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። የመጀመሪያው ጎልድ ዊንግ የተሸጠው ራቁቱን ነው። የነፋስ መከላከያ የለው፣ የዕቃ ሳጥን የለው። ያለበሱት ነጂዎቹ ናቸው። ክሬግ ቬተር የሚባል አሜሪካዊ ዊንድጃመር የተባለ የነፋስ መከላከያ ይሠራ ነበር፤ ብዙ ባለ ጎልድ ዊንግ እሱን ገዝቶ ገጠመ። ከጎን ሳጥን፣ ከኋላ ሻንጣ እየጨመሩ ሞተሩን የረጅም መንገድ ሞተር አደረጉት። በ1977 አሪዞና ውስጥ፣ ፊኒክስ ከተማ፣ የራሳቸውን የጎልድ ዊንግ ነጂዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ እስከ 2022 ድረስ ቆይቷል። ዕድር በሉት፤ መንገድ ላይ ለተበላሸበት የሚደርስ ዓይነት።

ፋብሪካውም አየ። በ1980 ኤንጂኑን ወደ 1100 አሳደገና ኢንተርስቴት የሚባል ሞዴል አወጣ። ይሄኛው የነፋስ መከላከያውና የጎን ሳጥኖቹ ከፋብሪካ ተገጥመውለት ነው የመጣው። ነጂው በየጋራዡ የሠራውን ሆንዳ ደብተሩ ላይ ገለበጠ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጎልድ ዊንግ አሜሪካ ውስጥ መሠራት ጀመረ። የት? ኦሃዮ ግዛት፣ ሜሪስቪል። ተማሪዬ ከሚኖርበት ከኮሎምበስ ብዙ አይርቅም። ሶፋ ያሉት ሞተር የሰፈሩ ልጅ ነው!

እዚህ ላይ ብናቆም ትምህርቱ ቀላል ይሆን ነበር፦ "የመጀመሪያ ቀን ፍርድ ሁሌም ስህተት ነው።" ግን ታሪክ እንዲህ አይመችም።

ወደ 2017 መጨረሻ እንምጣ። ሆንዳ አዲሱን የ2018 ጎልድ ዊንግ አስተዋወቀ። በመሃል በ1988 ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኗል፣ በ2001 ወደ 1800 ሲሲ አድጓል። አሁን ግን ወጣት ነጂ ለመሳብ ተብሎ ከሳ። እንደ ሞዴሉ ወደ 40 ኪሎ ገደማ ቀለለ። ባለ ሰባት ማርሽ አውቶማቲክም መጣለት። ብዙዎች አጨበጨቡ። የቆዩት ባለቤቶች ግን ቅር አላቸው። ለምን? የዕቃ ሳጥኖቹ ተደምረው ከ150 ሊትር ወደ 110 ወርደዋል። ታንኩም ከ25 ወደ 21 ሊትር። "የሁለት ሰው ዕቃ የት ልናደርግ ነው?" አሉ። "ሽማግሌዎች ለውጥ አይወዱም" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን በ2021 ሆንዳ የኋላውን ሻንጣ ከ50 ወደ 61 ሊትር አሰፋው፤ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው መደገፊያም ዘንበል ብሎ እንዲመች ተደረገ። ቅሬታው ልክ ነበር።

ስለዚህ በ1974 የሳቁት ተሳሳቱ፤ በ2017 ያጉረመረሙት ልክ ሆኑ። ሁለቱም የመጀመሪያ ቀን ፍርድ ናቸው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዘጠነኛ ክፍል የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስለ ታሪክ ምንጮች ስናወራ ሰሌዳው ላይ የምጽፋትን ጥያቄ አስታውሱ፦ "ተናጋሪው ማነው? የት ቆሞ ነው ያየው?" የ1974ቱ ሳቂ የቆመው ትርዒቱ አዳራሽ ውስጥ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ፊት ነው፤ ያን ሞተር ለተሠራበት መንገድ ጭኖት አያውቅም። የ2017ቱ ቅሬተኛ ግን ዕቃ የሚሸክፍ ሰው ነው። የሚስቱን ጃኬት፣ የዝናብ ልብሱን፣ መድኃኒቱን በዚያ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ሲያስገባ ሲያወጣ ኖሯል። 40 ሊትር ስንት እንደሆነ በእጁ ያውቀዋል። አንድ ምንጭ ለጊዜው ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ ለነገሩም ቅርብ መሆን አለበት።

ይሄን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። ሃይስኩል በተመደብኩ በመጀመሪያው ቀን ስታፍ ውስጥ ቁጭ ብዬ "በዲፕሎማ ነው እንዴ የላኩልን?" ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድም ክፍል ገብቼ ሳላስተምር። ለረጅም ጊዜ አቃጠለኝ።

ታዲያ እኔስ? ይሄ የኮሎምበሱ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብተር አልያዘም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄው ዝም አለ። በልቤ "ይሄ እስከ ገና አይቆይም" አልኩ፤ አልፌም ለአንድ ጓደኛዬ ተናገርኩ። ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት እየሠራ እንደሚመጣ ያወቅሁት በሁለተኛው ሴሚስተር ነው። እኔ በሰማሁት ፍርድ እየተቃጠልኩ፣ ያንኑ ፍርድ በሱ ላይ ፈርጄ ነበር። እስከዛሬ ነግሬው አላውቅም።

አሁን ነገርኩህ። ይቅርታ፣ ወንድሜ።

ስለ ሞተሩ ከጠየቅከኝ ደግሞ መልሴ ይሄ ነው፦ የሳቁብህ ልጆች በዚያ ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደዋል? ካልሄዱ ሳቃቸውን ስማና እለፈው። አንተ ግን አንድ ረጅም መንገድ ሂድበት፤ ሰውም ዕቃም ጭነህ። ወገብህን ካመመህ፣ ካልተመቸህ ያኔ ሽጠው፤ ፍርዱ ያንተ ነው። ሜሪስቪል ስትደርስ ፎቶ ላክልኝ።

እናንተስ ወዳጆቼ? በመጀመሪያ ቀን የተፈረደባችሁ፣ ወይ ፈርዳችሁ በኋላ ያፈራችሁበት ነገር ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። ሞተር የምትነዱ ደግሞ ሄልሜት አትርሱ።

መልካም ሰንበት።